አበባውን ወደ ውኃው እንውሰድ

ስለ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ግቢ ልማት ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አበባ ነው። ከመካከላችሁ «የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ያፈስሳል፣ የአብነት ተማሪዎቻችን በቂ ማደሪያ የላቸውም፣ ይህ ሰው ደግሞ ስለ አበባ ሊነግረን መጣ» ብሎ በልቡ የሚያስብ እንደሚኖር አውቃለሁ። አልቀየምም፤ በእናንተ ቦታ ብቀመጥ እኔም ይህንኑ አስብ ነበር። ነገር ግን እስከ ፍጻሜው ብትታገሡኝ፣ ንግግሬ ስለ አበባ የመሆኑን ያህል ስለ ውኃና ስለ ሰው ጉልበት መሆኑን ትረዱልኛላችሁ። ከምነግራችሁም ውስጥ ዋናውን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ተሳስቼ ነው።

ከኅዳር 5 በኋላ

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ታከብራለች። በእነዚህ ሳምንታት ግቢያችንን ለማስጌጥ የእኛ ድካም ብዙም አያስፈልግም። ክረምቱ ያረሰረሰው ምድር ራሱ ያብባል፤ አደይ አበባው በአጥሩ ጥግ፣ በመቃብሩ ዳርና በመንገዱ ግራና ቀኝ ወርቅ መስሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ግን ነፋሱ ይደርቃል፣ ሣሩ ይገረጣል። አደይ አበባ የአንድ ዓመት ተክል ስለሆነ ዘሩን በትኖ ይሄዳል፤ እስከሚመጣው መስከረም አናየውም። ሕዝቡ በብዛት ወደ ግቢያችን የሚመጣው ደግሞ በዚሁ ምድሪቱ በደረቀችበት ወቅት ነው። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል፣ ቀጥሎም ልደትና ጥምቀት፣ ሁሉም በበጋ ይውላሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው «እንግዳ የሚቀበል አበባ በበሩ ላይ ይኑረን» ሲል ፍላጎቱ የሚነቀፍ አይደለም። ለዚህ የሚሆነው ዘሩ በየዓመቱ የሚዘራ ሳይሆን ሥሩ በምድር ውስጥ ከዓመት ወደ ዓመት የሚቆይ ተክል ነው። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው አንዱ፣ በከተማ የአበባ መሸጫዎች ካላ ሊሊ የሚባለው ነጭ አበባ ነው። ስሙን የማታውቁ ብትኖሩም መልኩን ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ሰፊና አንጸባራቂ አረንጓዴ ነው፣ አበባው ነጭ ወረቀት በጥንቃቄ ተጠቅልሎ የተሠራ ትሩምባ ይመስላል፣ በመካከሉም ቢጫ ዘንግ ቆሞ ይታያል። ለሠርግም ለኀዘንም ይቀርባል።

የእኔ ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር አጥቢያ የግቢ ልማት እንዳማክር ተልኬ ነበር። ኮሚቴው አበባው የሚተከልበትን ቦታ አስቀድሞ መርጦ ጠበቀኝ፤ ቦታውም ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ ሁሉም የሚያየው ከፍታ ነበር። ማማሩን አየሁ፤ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቅሁም። በሰኔ 40 ሥር ተከልን። ክረምቱ አሳደገልን። በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ነጫጭ አበቦች ብቅ አሉ፤ ኮሚቴው አመሰገነኝ፣ እኔም በሪፖርቴ ላይ ሥራው እንደ ተሳካ ጻፍሁ።

በየካቲት ስመለስ ቅጠሉ አሁንም አረንጓዴ ነበር። ደስ እያለኝ «ማን ነው የሚያጠጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። በቁልቁለቱ ግርጌ ካለው የእጅ ፓምፕ፣ የአንድ ሩብ ሰዓት መንገድ ሽቅብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶችና በግቢው የሚኖሩ አንዲት እማሆይ በጀሪካን ያመላልሱ ነበር። እማሆይ ባዶውን ጀሪካን ከጎናቸው አስቀምጠው በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «እማሆይ፣ አበባው እንዴት አማረ!» አልኳቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አበባውን እኔ አልጠላሁትም፤ ወገቤ ነው የጠላው» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጬ አሰላሁ። መደቡ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። በበጋ ፀሐይ እንዲህ ያለ ውኃ ወዳድ ተክል የተተከለበት አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ወደ አየር ይለቅቃል። ይህም በቀን 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት 150 የበጋ ቀናት 225 ጀሪካን ይሆናል። 225 ጀሪካን በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። በማግሥቱ ንጋት ላይ ወደ ፓምፑ ወረድሁ። የአካባቢው እናቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ በየካቲት ጉድጓዱ ይደክማልና ሰልፉ ረጅም ነበር። የእኛ አበባ በዚያ ሰልፍ ውስጥ በየቀኑ የአንድ ጀሪካን ተኩል ተራ ይወስድ ነበር። ቤተ ክርስቲያንን ለማስጌጥ ብለን የቤተ ክርስቲያኒቱን ልጆች አስጠምተናል ወይስ አላስጠማንም? መልሱን ስለማውቀው አፈርሁ።

ኮሚቴውን ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ማጠጣቱም ቆመ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። የሞተ መሰለን። በግንቦት መጨረሻ ስንቆፍር ግን ከ40ው ሥር 31ዱ ጠንካራና ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ድርቁን በእንቅልፍ አሳልፎት ነበር። እነዚያን 31 ሥሮች ተሸክመን ወረድንና ከፓምፑ በታች፣ ጀሪካን ሲሞላ የሚፈስሰው ውኃ ጭቃ አድርጎ ባበላሸው ቦታ ላይ ተከልናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አንዲት ጣሳ ውኃ አላመላለሰላቸውም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ውኃ ወዳድ አበባ ስትተክሉ አበባውን ወደ ውኃው ውሰዱት፤ ውኃውን ወደ አበባው በሰው ጀርባ አታስጭኑ።

የተክሉ ጠባይ

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት የተክሉን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ሳይንሳዊ ስሙ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ የአገራችን ተወላጅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካና አጎራባቾቹ ናቸው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስሙን ሲመዘግብ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል የዘመኑ አውሮጳውያን ለሰፊው የአፍሪካ ምድር ይጠቀሙበት በነበረው ልማድ ነው የተጠቀመበት። ስለዚህ በስም ዘመዳችን፣ በትውልድ ግን እንግዳችን ነው። ይህን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በትውልድ አገሩ የሚበቅለው በወንዝ ዳር፣ በረግረግና ክረምት ላይ ውኃ በሚቋጥር ጉድጓዳማ ሥፍራ ነው። ሥሩ እንደ ዝንጅብል ወፍራምና ሥጋማ ሆኖ ከመሬት በታች ይዘረጋል፤ ምግቡንና ውኃውን የሚያከማቸው በእርሱ ነው። ውኃ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል፤ ካጣ ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል። ነጭ አበባ የምንለው ክፍል በእውነቱ ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች በቢጫው ዘንግ ላይ የተሰለፉት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። ወንዴዎቹ ከላይ፣ ሴቴዎቹ ከታች ይገኛሉ፤ ነጩ ቅጠል እነርሱን እንደ መጎናጸፊያ ይከባቸዋል።

ማለዳ ከኪዳን ስትወጡ ወደ መደቡ ብትጠጉ ከቅጠሎቹ ጫፍ ውኃ ሲንጠባጠብ ታያላችሁ። ጤዛ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ሥሩ ሌሊቱን ከእርጥብ አፈር የሳበውን ትርፍ ውኃ ተክሉ ሲያስወጣ ነው። ጠብታው ለብዙ ማለዳ ከጠፋባችሁ ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገብታችሁ መርምሩ፤ መደቡ መድረቅ ጀምሮ ይሆናል።

ቦታ መምረጥ

እንግዲህ ኮሚቴው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አበባው የት ያምራል?» ብሎ አይደለም። «በግቢያችን ውስጥ ማንም ሳያዝዘው ውኃ የሚፈስሰው የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በአብዛኛው አጥቢያ እንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም። አንዱ ከቦኖው ወይም ከእጅ ፓምፑ በታች ያለው ጭቃ ነው። በቀን 100 ጀሪካን የሚሞላበት ቦኖ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢያፈስስ 50 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በስሌታችን 10 ካሬ ሜትር መደብ ያረካል። ሁለተኛው የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ነው። ሦስተኛው ለዝክርና ለበዓል ምግብ የሚዘጋጅበት ቤት የዕቃ እጣቢ ነው፤ በረኪናና ብዙ ጨው እስካልገባበት ድረስ ተክሉን አይጎዳውም፣ ቅባቱ ግን በቅድሚያ በጠጠር ማጣራት ያስፈልገዋል። የንዋያተ ቅድሳት መታጠቢያ ውኃ የራሱ ሥርዓት ያለው ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አናስገባውም። የጸበል ቦታን በሚመለከትም የደብሩ አስተዳዳሪና ካህናቱ ሳይፈቅዱ አንዲት ዶማ እንኳ አይነሣ።

ስለ ብርሃን፣ በደጋ ሙሉ ፀሐይ ይስማማዋል፤ በወይና ደጋ የከሰዓት ጥላ ቢያገኝ መልካም ነው። ጥላ ከበዛ ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባው ግን ይቀንሳል። ውርጭ በሚወርድበት ከፍታ ቅጠሉ ሊቃጠል ይችላል፤ ሥሩ በጉዝጓዝ ከተሸፈነ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። በሞቃታማ ቆላ ላላችሁ አጥቢያዎች ግን ይህን አበባ አልመክርም። ለእርሱ የሚበቃ ውኃ ካላችሁ ለጓሮ አትክልትና ለጥላ ዛፍ አውሉት።

መደቡን ማዘጋጀት

መደቡ ምንጊዜም ከውኃው መነሻ በታች በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። ከጉድጓዱ ወይም ከምንጩ አፍ በላይ ፍግና ኮምፖስት ብናስቀምጥ ዝናቡ አጥቦ ወደምንጠጣው ውኃ ያስገባዋል። ፍሳሹን በትንሽ ቦይ ምሩትና ወደ መደቡ ከመግባቱ በፊት ጠጠርና አሸዋ በተሞላ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጉ። መደቡ ስፋቱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ሰው ሳይረግጠው ከሁለቱም ወገን እጁ ሊደርስበት ይገባልና። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ እርጥበቱን ራሱ ይይዝላችኋል። አሸዋማ ከሆነ ከታች ጥቂት ዋልካ ደልድሉ፣ ወይም አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉበት፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ ታች እንዳይሰርግ ያዘገየዋል። ከመደቡ መጨረሻ ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ቦይ አበጁለትና ወደ አንድ ዛፍ ሥር አድርሱት። ተክሉ ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውኃ አይጎዳውም፤ እኛን የሚጎዳን ግን አለ። ውኃ ለቀናት ቆሞ ከቀረ ወባ ትንኝ ትራባበታለች። አበባ እንተክላለን ብለን ወባ እንዳንተክል ውኃው ይንቀሳቀስ፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ በገጽ ላይ ተቋጥሮ አይቆይ።

ተከላና እንክብካቤ

ዘሩን ከመፈለግ ይልቅ ካለው ሰው ሥር ለምኖ መትከል ይቀላል። አንድ ያረጀ ቁጥቋጦ ሲከፈል ብዙ ተክል ይወጣዋል፤ ስለዚህ አንዱ አጥቢያ ለሌላው ቢሰጥ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አይሆንም። ጊዜው ሰኔ ነው፤ ክረምቱ ሥር እንዲሰድድ ያግዘዋል። ቡቃያ የሚወጣበት ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት። በአንዱና በሌላው መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ መጀመሪያ የተራራቀ ቢመስልም በሁለት ዓመት ውስጥ ይገጥማል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን በወቅቱ መሠራት አለበት። በመስከረም አረሙን ንቀሉ፤ ለሥሩ ቅርብ ስለሆነ በዶማ ሳይሆን በእጅ ይሁን። በኅዳር መጀመሪያ፣ ዘመነ ጽጌ ሲፈጸም፣ አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጎዝጉዙ፤ ይህ አንድ ሥራ የበጋውን የውኃ ፍላጎት እጅግ ይቀንሳል። በጥርና በየካቲት ቦዩ በቆሻሻ እንዳልተዘጋ ተመልከቱ። በግንቦት የደረቀውን ቅጠል አስወግዱና አንድ ጊዜ ኮምፖስት ጨምሩ። ያልበሰለ ፍግ አታድርጉበት፤ ዩሪያም አታብዙበት፤ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጣችሁም። በክረምት ቀንድ አውጣ ቅጠሉን ይበላል፤ ማታ በፋኖስ ለቅሞ ማስወገድ ከመድኃኒት ርጭት ይሻላል፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ አናውቅምና።

አበባውን ለበዓል ስትወስዱ በቢላዋ አትቁረጡት። ዘንጉን ከግርጌው ይዛችሁ በቀስታ እየጠመዘዛችሁ ሳቡት፤ ከሥሩ ተላቅቆ ይወጣል፣ የሚበሰብስ ጉቶም አይተውም። በማሰሮ ውስጥ ሆኖ ውኃው በየሁለት ቀኑ ቢለወጥለት ከአንድ ሳምንት በላይ ይቆያል።

ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ አበባው ማነስ ይጀምራል። ኮሚቴዎች በዚህ ጊዜ «አረጀ» ብለው ይተዉታል፤ ነገር ግን አላረጀም፣ ተጨናንቋል። በግንቦት ቆፍራችሁ አውጡት፤ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ አንድ ዓይን እንዲኖረው አድርጋችሁ በስለታም ቢላዋ ክፈሉት፤ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን በጥላ አቆዩትና መልሳችሁ ትከሉት። ለስልሶ የሚሸት ሥር ካገኛችሁ ቆርጣችሁ ከግቢው ርቆ ቅበሩት፤ ቢላዋውንም ሌላውን ከመንካታችሁ በፊት በበረኪና ውኃ እጠቡት። ትርፉን ለጎረቤት አጥቢያ ስጡ፤ ምን እንደሚሻና ምን እንደሚያስፈራ አብራችሁ ንገሩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው ስለ ሕፃናት ነው። ይህ ተክል ከሥሩ እስከ አበባው መርዛማነት አለው። በውስጡ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉ፣ ያኘከው ሰው አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ምላሱና ከንፈሩም ሊያብጥ ይችላል። ከብትንና ፍየልንም ይጎዳል። በአጥቢያችን ጨቅላ ሕፃናት የሚጫወቱበት ቦታ አለ፤ ሥራ ሥር ለይቶ የማያውቅ አዲስ የአብነት ተማሪም ይኖራል። ስለዚህ ከመዋያው ራቅ ይበል፤ ዙሪያው ዝቅ ባለ አጥር ይከለል፤ ልጆቹም በግልጽ ይነገራቸው። አኝኮ የተገኘ ልጅ ካለ ከአፉ አውጥታችሁ በብዙ ውኃ አጉመጥምጡት፤ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተክሉን የሚከፍል ሰውም ፈሳሹ ቆዳን ያሳክካልና ጓንት ያድርግ፣ ወይም እጁን ወዲያው ይታጠብ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ ተፈጥሮ ምንጮችና ስለ ደኖቻችን ነው። እንግዳችን ነው ብዬ ነበር። ይህ አበባ በምዕራብ አውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከጓሮ አምልጦ ወጥቶ የወንዝ ዳርቻዎችንና ረግረጎችን ወርሯል፤ በዚያ እንደ አደገኛ አረም ይቆጠራል። ዘሩን ወፎች ያሰራጩታል፣ የተቆረጠ ሥሩንም ጎርፍ ይወስደዋል። አባቶቻችን ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውንና ዝግባውን በቅጽራቸው ጠብቀው ለእኛ ያቆዩልን ለእንግዳ ተክል ልንለቅቀው አይደለም። ስለዚህ በሰው እጅ በተሠራ ቦይና መደብ ውስጥ ብቻ ይተከል፤ በተፈጥሮ ምንጭ ዳር፣ በረግረግና በደኑ ውስጥ አይተከል። አበባው እንደ ጠወለገ ዘር ሳይቋጥር ዘንጉን አስወግዱ። የቆፈራችሁትን ትርፍ ሥር በጅረት ዳር አትጣሉ።

በመደቡ መጨረሻ፣ ትርፉ ውኃ በሚወጣበት ቦታ፣ የአገራችንን ቄጤማ እንድትተክሉ እመክራለሁ። እርሱም እርጥበት ወዳድና ከዓመት ወደ ዓመት ቋሚ ነው፤ ሲታጨድ ተመልሶ ያድጋል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ማንንም አይመርዝም። በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት ቄጤማ በብዙ ቦታ ረግረጉ ታርሶ ወይም በባሕር ዛፍ ደርቆ ከሩቅ የሚፈለግ ሆኗል። ከገዛ ግቢያችን ፍሳሽ የበቀለ ቄጤማ በዚያች ቀን ለምእመናን ማደል ቢቻል፣ ለእኔ ከነጩ አበባ የሚበልጥ ደስታ ነው።

በየካቲት ማን ይገኛል?

ለመዝጋት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የችግኝ ተከላ ቀን ሲደርስ ሁላችንም እንገኛለን፤ አካፋው ለሁሉም አይዳረስም። ተክል የሚሞተው ግን በተከላው ቀን አይደለም፤ ማንም በሌለበት በየካቲት ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ «40 አበባ ተተከለ» ብሎ ብቻ እንዳይዘጋ አደራ እላለሁ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ በጋውን ማን ቦዩን እንደሚጠርግ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ማን ቆፍሮ እንደሚከፍል ይጻፍበት። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ካልቻላችሁ አትትከሉ። ባዶ መሬት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የደከመች እናት የተሸከመችውን ውኃ ለጌጥ ማፍሰስ ነው።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ወደዚያች አጥቢያ ተመልሼ ነበር። ከፓምፑ በታች የነበረው ጭቃ የለም፤ በቦታው ነጫጭ አበቦች ቆመዋል፣ ከእነርሱም ዝቅ ብሎ ቄጤማው አረንጓዴ ሆኗል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የድሮው መደብ ባዶ ነው፤ ጠጠር ለብሶ ምእመናን ያርፉበታል። እማሆይ ለራሳቸው ብቻ አንድ ትንሽ ጀሪካን ይዘው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። «እማሆይ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ አበባው እያመለከቱ፣ «እርሱም ተራውን እዚሁ ይጠብቃል፤ አሁን ተስማምተናል» አሉኝ።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።